ከሁለት ሰዓት በፊት እንዳይነበብ

ኡራኤል ከታክሲ ስወርድ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተላቀቀ። የምሄደው ልቅሶ ቤት ስለነበር ጫማ እየጎተትኩ መግባት አልፈለግኩም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ጃንጥላ ዘርግቶ የተቀመጠ ጫማ ሰፊ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ሰውየው ጫማውን ገልብጦ አየና "እማማ፣ ይሄ መስፋት አይፈልግም፤ በማስቲሽ ነው፣ በቃ አምስት ደቂቃ" አለኝ። ቆርቆሮውን ከፍቶ በጣቱ መቀባት ሲጀምር ሽታው መጣ። ለሌላ ሰው የማስቲሽ ሽታ የጫማ ሽታ ነው። ለእኔ የሬዲዮ ነው። የሞተችው ሴት ደግሞ በማስቲሽ የተጣበቀ ሬዲዮ ከእኛ እጅ የተቀበለች ሴት ስለነበረች አምስቱ ደቂቃ ረዘመብኝ።

ብርቄ መሞቷን ያወቅኩት በስልክ ነው። የሰፈራችን ሰዎች ከካዛንቺስ ከተነሣን በኋላ በየአቅጣጫው ስለተበተንን፣ የእህቴ ልጅ ቴሌግራም ላይ ያለ የድሮ ጎረቤቶች ግሩፕ ውስጥ አስገብታኛለች። እዚያ ላይ የብርቄ ፎቶ ከሻማ ሥዕል ጋር መጣ። ከሥሩ ብዙ ሰው "ነፍስ ይማር" ብሎ ጽፏል። ዛሬ ሞት ኪስ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ይመጣል። ሌሎች ሽማግሌዎች ይህን ሲያማርሩ እሰማለሁ። እኔ በዚህ ጉዳይ አፌን የመክፈት መብት የለኝም።

ከኡራኤል ቀጥታ ታክሲ ይዤ ልቅሶው ያለበት ቂርቆስ መድረስ እችል ነበር። ግን እግሬ ወደ ካዛንቺስ ወሰደኝ። መንገዱ ሰፍቷል፤ ሣር ተተክሏል፤ ሰው የሚያርፍበት ወንበር ተደርድሯል። ያምራል፣ አያምርም አልልም። ሕንፃችን የነበረበትን ቦታ ለማግኘት ግን ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ዳቦ ቤቱ የለም፣ ፀጉር ቤቱ የለም፣ ብርቄ ሽንኩርትና ሳሙና የምትሸጥበት ሱቅ የነበረበት ቅያስም የለም። በመጨረሻ በአንድ የቆየ ዛፍ ለካሁና "እዚህ ጋ ነው" አልኩ። አየር ላይ፣ አራት ፎቅ ያህል ከፍ ብሎ፣ የእኔ ሬዲዮ ጣቢያ ነበረ።

የጣቢያውን ስም አልጽፈውም፤ ዛሬ የለምና። የጀመረው ባለቤቴ ጌታሁን ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ሬዲዮ ሠሪ ነበር፤ ዕድሜውን ሁሉ የሌላ ሰው ሬዲዮ ሲያናግር ኖሮ አንድ ቀን የራሱን ማናገር አማረው። ፈቃዱን ለማግኘት ሲመላለስ ሁለት ጫማ ጨርሷል። ማሰራጫው ትንሽ ነበር፤ ከኡራኤል እስከ ሜክሲኮ ጥርት ብለን እንሰማለን፣ ከዚያ ካለፈ እንንኮሻኮሻለን። የስቱዲዮውን ግድግዳ ድምፅ እንዳያስተጋባ በእንቁላል ካርቶን ለበጥነው። ሁሉም ሰው ለእኛ ካርቶን ሲያጠራቅም ከረመ፤ ብርቄ ብቻዋን አርባ ያህል አምጥታለች። ጣቢያው ሥራ በጀመረ በዓመቱ ጌታሁን ሞተ። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርትና የታይፕ ሙያ ያለኝ፣ ሰው ፊት መናገር የማልወድ ሴት፣ የሬዲዮ ጣቢያ ባለቤት ሆንኩ።

ከመሞቱ በፊት አንድ ብልሃት ፈጥሮ ነበር። ከመርካቶ አሮጌ ሬዲዮኖች ገዝቶ ይጠግናል፤ ጣቢያ መፈለጊያውን በእኛ ቁጥር ላይ ያቆምና በማስቲሽ ያጣብቀዋል፤ ከዚያ ለየሱቁ፣ ለየሻይ ቤቱ፣ ለየፀጉር ቤቱ በነፃ ያድላል። ድምፁን መቀነስ ይቻላል፣ መዝጋትም ይቻላል፤ ሌላ ጣቢያ መስማት ግን አይቻልም። ለብርቄ የሰጣት ቀን እኔም አብሬው ነበርኩ። መፈለጊያውን ልታዞር ሞከረችና እንቢ ሲላት ሳቀች።

"ጌታሁን፣ ይሄ እኮ ሬዲዮ አይደለም፣ የቁርባን ጋብቻ ነው። መፍታት የለ፣ መቀየር የለ።"

"አንቺ ደግሞ፣ ምን ጎደለብሽ? ዜና አለው፣ ዘፈን አለው" አላት።

"ባልም እንዲህ ተብሎ ነው የሚሰጠው" አለች፤ ሬዲዮኑን ግን ከሳሙናው መደርደሪያ በላይ፣ ከልጇ ከሳሙኤል ፎቶ አጠገብ ሰቀለችው። ሳሙኤል ያኔ በጂቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር።

የሬዲዮ ጣቢያ ባለቤት መሆን ምን ይመስላል ብለው የሚጠይቁኝ ነበሩ። ችግሩን መናገር ይቀላል። መብራት ይጠፋል፤ በረንዳው ላይ ያለው ጄኔሬተር ሲነሣ ከእኛ በታች ያለው ልብስ ሰፊ በማስመሪያ ኮርኒሱን ይደበድባል። ናፍጣ የምናቃጥለው ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ላላቸው ጥቂት ሰዎች ነው፤ ሌላው ሰፈር ከእኛ ጋር አብሮ ጨልሟል። የስልክ መስመሩ ይንጫጫል። ደዋዩ ሁሉ የራሱን ድምፅ በሬዲዮ ለመስማት ስለሚጓጓ "ሬዲዮኑን ቀንሱልን" ማለት የቀኑ ግማሽ ሥራ ነበር። ዘወትር ማክሰኞ እየደወለ ለአንዲት ዳቦ ሻጭ ዘፈን የሚመርጥ መካኒክ ነበረን፤ ካገባት በኋላ መደወሉን ተወ፤ እኛም ቅር አለን። ማስታወቂያ የሚሰጥ ሰው ቢሮው ድረስ ሄደን እንለምናለን፤ የሰጠ ቀን ደግሞ ጣቢያው የእሱ ይሆናል።

ደስታውን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከቤቴ ወደ ጣቢያው በእግሬ እሄዳለሁ። ማኪያቶ ሦስት ብር በነበረበት ዘመን ነው። ወጣቶቹ በጠባብ ጂንስ ላይ አጭር ጃኬት ደርበው፣ የሞባይል ካርድ በሳንቲም እየፋቁ፣ ሚስኮል እየተደራረጉ ወደ ሥራ ይሄዳሉ። የሚኒባስ ረዳቶች በበሩ ወጥተው ይጮሃሉ። በዚያ መሀል የእኔ ጣቢያ ከዳቦ ቤቱ ይጀምራል፤ ዳቦ ቤቱን ሳልፍ ከፀጉር ቤቱ ይቀበለኛል፤ ፀጉር ቤቱ ሲርቅ ሻይ ቤቱ፣ ከዚያ የብርቄ ሱቅ። አንድ ቃል ሳያመልጠኝ እደርሳለሁ። ማንም ቀና ብሎ አያየኝም፤ ድምፁ የእኔ አይደለማ። በሁሉም ቤት ውስጥ ነኝ፣ ማንም ግን አያውቀኝም። ለእኔ ዓይነት ሰው ከዚህ የበለጠ ምቾት የለም። ምቾቱ መደበቂያ መሆኑን ያኔ አላሰብኩም።

ድምፁ የመምህር ሽፈራው ነበር። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ ግማሹን ሰፈር አስተምረዋል። ጠዋት ዜናና የሰፈሩን ማስታወቂያ ያነባሉ፤ የጠፋ መታወቂያ፣ የእድር ስብሰባ፣ የቀብር ሰዓት። የሞት ማስታወቂያ ሲያነቡ ከመጀመራቸው በፊት ትንሽ ዝም ይላሉ፤ ሰው በዚያ ዝምታ ያውቅና ጆሮውን ያቀናል። ዓይናቸው ደካማ ስለነበር የሚያነቡትን ሁሉ እኔ በትልልቅ ፊደል እገለብጥላቸዋለሁ። ይህን ከእኛ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ዓይናቸው መድከሙን እንዲያውቅባቸው አይፈልጉም ነበር።

አንድ ቀን ወደ ማታ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ ፎቁን እየተነፈሱ ወጡ። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ቆሙ፤ አልተቀመጡም።

"የብርቄ ልጅ" አሉ።

"ሳሙኤል?"

"ሳሙኤል። መኪናው ገደል ገባ። አስከሬኑ ሌሊት ይገባል። እሷ አልሰማችም። ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እህቷን ከወልቂጤ አስመጥተን አብረን ገብተን እናረዳታለን፤ ደም ግፊት አለባት፣ ያለ እህቷ አይሆንም። የመንገድ ነገር አይታወቅም፤ አስቴር፣ ከሁለት ሰዓት በፊት እንዳይነበብ። እዚያው ላይ ጽፌዋለሁ።"

በእርሳስ ጽፈውታል፤ በወረቀቱ ራስጌ፣ ከሥሩም ተሰምሮበታል። "እሺ" አልኳቸው።

በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ላይ የአንድ ፍራሽ ፋብሪካ ባለቤት ስቱዲዮ እንግዳ ነበር። ለሦስት ወር የጠዋቱን ፕሮግራም ስፖንሰር ሊያደርግ ተስማምቶ፣ የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ስንስማማ አንድ ነገር አስጠንቅቆኝ ነበር፦ "ወይዘሮ አስቴር፣ በእኔ ሰዓት የሞት ማስታወቂያ እንዳይነበብ። ሰው ፍራሽ ሲያስብ መኝታ ነው ማሰብ ያለበት፣ ሬሳ አይደለም።" ስቄለት ነበር። እንግዲህ ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ከፍራሹ ሰውዬ በኋላ ልበል ብል አራት ሰዓት ይሆናል፣ ለሩቅ ዘመድ ይረፍዳል። በፊት ላድርገው ብል የማስታወቂያ ሰዓታችን አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሽማግሌዎቹ አሥራ ሁለት ላይ ይገባሉ ብለውኛል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል ብዬ አሰብኩ። ሰማያዊ እስክሪብቶዬን አንሥቼ ማስታወቂያውን ለመምህር በትልልቅ ፊደል ገለበጥኩ። በእርሳስ የተጻፈውን አልገለበጥኩትም። የጋሽ ወልዴን ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩ።

ጠዋት እንደ ልማዴ በእግሬ ወጣሁ። ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ የመምህር ዝምታ መጣ። ከዚያ "የወይዘሮ ብርቄ ልጅ አቶ ሳሙኤል በደረሰበት ድንገተኛ የመኪና አደጋ" ማለት ጀመሩ። ፀጉር ቤቱ ጋ "ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለየ" አሉ። ሻይ ቤቱ ጋ ስደርስ የቅያሱ አፍ ላይ ሽማግሌዎቹ ጋቢ ለብሰው ቆመው አየሁ። የብርቄን እህት የሚያመጣው መኪና ጎማው ፈንድቶ ቱሉ ቦሎ ላይ ቆሞ ነበር፤ እሷን እየጠበቁ ነው። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘዋል፤ ወደ ሻይ ቤቱ ሬዲዮ ሲዞሩ ፊታቸውን አየሁት። ድምፁ ከሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ይወጣ ነበር። የትኛውን ሮጠው ይዝጉት? ከዚያ ከብርቄ ሱቅ በኩል የሰማሁትን አልጽፍም።

ኋላ እንደነገሩኝ መጀመሪያ አልጮኸችም። ሬዲዮኑን አውርዳ ጣቢያ ልትቀይር ታገለች። ሌላው ጋ ሌላ ነገር ይባል ይሆናል ብላ ይሆናል። መፈለጊያው እንቢ አላት፤ የአውራ ጣቷ ጥፍር ተነቅሎ ደሙ ሬዲዮኑ ላይ ነበር።

የፍራሹ ሰውዬ በሰዓቱ መጣ። ፕሮግራሙ ተላለፈ።

ጋሽ ወልዴ ከቀብር መልስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ፎቁን ወጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "አስቴር፣ በእርሳስ የጻፍኩትን አላየሽም?" አሉኝ።

"አላየሁም" አልኩ። ይህ አልበቃኝም። "ወረቀቱን እንዳለ ለመምህር ሰጥቻለሁ" አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ "ዓይናቸው ነው እንግዲህ" አለ። ቀስ ብለው ወረዱ። መሳቢያው ጉልበቴን እየነካኝ ነበር።

መምህር የመጡት በማግሥቱ ነው። በሩን ዘጉና "ወይዘሮ አስቴር፣ እኔ ያነበብኩት በእርስዎ እጅ የተጻፈውን ነው" አሉ። መናገር የሚያስፈልገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አጭር ነው፤ ጠበቁኝ። መንገዱ ላይ የሚኒባስ ጥሩምባ ሦስት አራት ጊዜ ጮኸ። "ያም ሆነ ይህ፣ ከአፌ ነው የወጣው። እሷ የሰማችው እኔን ነው" አሉና ወጡ። የገለበጥኩላቸው ወረቀት እጃቸው ላይ ነበር። ለማንም አላሳዩትም።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። መምህር ሽፈራው ኮታቸውን አውልቀው፣ ትልቅ ድንጋይ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች አቆሙ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ያን ሁሉ ልጅ ያስተማሩ ሰው፣ ብርቄ ፊት ተንበረከኩ። ድንጋዩ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ከእኔ ሦስት ሰው ርቀት ላይ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ "ብርቄ፣ ስለ እግዚአብሔር በይ" አሏት። ድንጋዩን አየች። ከዚያ "አውርዱላቸው" አለች። ጣቷ በነጭ ጨርቅ ታስሯል። "መምህር፣ ድምፅዎን እወደው ነበር" አለቻቸው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ፤ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ የማለቅስ መስሏት ጀርባዬን ዳበሰችኝ።

መምህር ወደ ስቱዲዮ አልተመለሱም። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ይላቸዋል፣ ግን ልጆች በዚያ ዝምታቸው ይቀልዱባቸው ነበር፤ የሞተ ሰው ሲጠራ እሳቸውን አስመስለው ዝም ይላሉ። ጥቂት ቆይተው ሰፈሩን ለቀቁ። እኔ ጣቢያውን አራት ዓመት ያህል አቆየሁት፤ ለሌሎች ሰጥቼው ስሙንም ድምፁንም ቀየሩት። ጠዋት በእግሬ መሄዱን ግን ማስታወቂያው ከተነበበበት ቀን ጀምሮ ትቼው ነበር፤ በታክሲ ነበር የምሄደው። ብርቄ ሬዲዮኑን አልመለሰችልኝም፣ አልጣለችውምም። ሱቋ ውስጥ ተዘግቶ እንደተሰቀለ ነበር። ለእኔ ሽንኩርት ስትመዝን እንደ ድሮው አንድ ራስ ትጨምርልኝ ነበር። ያን ሽንኩርት ቤት ወስጄ እከትፍ ነበር።

ወረቀቱን ያገኘሁት ሰፈሩ ሊፈርስ እቃ ስሰበስብ ነው። የእርሳስ ጽሑፉ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ብርቄ ቂርቆስ ሴት ልጇ ቤት እንደገባች ሰምቼ ነበርና ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አደረግኩ፤ ይዤላት ልሄድ። ለፋሲካ እሄዳለሁ አልኩ፤ ዝናቡ ሲያባራ እሄዳለሁ አልኩ። የሄድኩት ለልቅሶዋ ነው።

ድንኳኑ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ካለው ግቢ ተጥሏል። ገብቼ አልቅሼ ስቀመጥ አጠገቤ በትር የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። ለሰዎቹ "እግዜር ያጥናችሁ" ስል ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ግን በእኔ በኩል አልፎ ሄደ።

"ወይዘሮ አስቴር ነዎት?"

"ነኝ፣ መምህር።"

"ድምፅዎ አልተለወጠም" አሉ። የእሳቸውም አልተለወጠም ነበር።

ውኃ የሚያዞሩ ሁለት ወጣት ሴቶች ከኋላችን ቆመው ይንሾካሾካሉ፤ አንዷ የብርቄ የልጅ ልጅ ናት።

"እኚያ በትር የያዙት ሰውዬ ማን ናቸው?"

"አታውቂም? የአጎቴን ሞት ለእማማ በሬዲዮ ያረዷት እኮ እሳቸው ናቸው።"

"አትቀልጂ።"

"የእውነቴን ነው የምልሽ። ማለቴ፣ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱ ተጽፎ ሳያዩት፣ በቃ አነበቡት።"

"እና ዛሬ እዚህ መጡ? ሼም አይይዛቸውም እንዴ?"

መምህር ሰምተዋል፤ በትራቸውን አጥብቀው ያዙ። እኔ ዞርኩ። "ልጄ" አልኩ፤ ልጅቷም ውኃ የፈለግኩ መስሏት ጎንበስ አለችልኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ ነበር። መምህር እጃቸውን ክንዴ ላይ አኖሩ።

"ይተዉት፣ ወይዘሮ አስቴር። ዛሬ ሐዘናቸው ነው። በእሷ ልቅሶ የእኛን ጉዳይ አናንሣ።"

"እሺ" አልኩ። ውኃውን ተቀብዬ ጠጣሁ። እንዲያቆሙኝ እየጠበቅኩ እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እጃቸው ክንዴን ሲነካ ሰውነቴ ሁሉ ቀለለው። ይህን ያህል ዓመት በእሳቸው ትከሻ ላይ ያስቀመጥኩትን አሁንም አልወሰድኩላቸውም፤ ልጆቹም ያንኑ ታሪክ ለልጆቻቸው ይነግራሉ። ስንነሣ በሩ ድረስ ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። "ወረቀቱ አለ?" ብለው ጠየቁኝ። ወረቀት መኖሩን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። "አለ" አልኩ። "እንዳይጠፋ" አሉና በበትራቸው መንገዱን እየዳበሱ ሄዱ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ማስቲሹ ደርቋል፣ ሽታው ግን አለ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ የደበዘዘውን የእርሳስ ጽሑፍ በመነጽር እያየሁ፣ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። በሬዲዮ ተናግሬ አላውቅም፤ የጣቢያው ባለቤት ሆኜ አንድም ቀን ማይክራፎን ፊት አልተቀመጥኩም። አሁን የምናገርበት ጣቢያም የለኝም። ስለዚህ የካዛንቺስ ሰው ሆኖ ይህን ያነበበ ካለ እንደ ድሮው አዋጅ የሰማ ላልሰማ ያሰማ፤ ለብርቄ የልጅ ልጅም ይንገርልኝ። መምህር ሽፈራውን ዓይናቸው አልከዳቸውም። የተሰጣቸውን አነበቡ። "ከሁለት ሰዓት በፊት እንዳይነበብ" የሚለው በወረቀቱ ራስጌ በእርሳስ ተጽፎ፣ ከሥሩም ተሰምሮበት ነበር።

አይቼው ነበር።